ጥያቄ አውጪውን ማመን

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1996፣ አሜሪካውያን ቢል ክሊንተንን ወይም ቦብ ዶልን ሊመርጡ በወጡበት ማለዳ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ አንድም ድምፅ ሳይቆጠር አሸናፊውን ያወጀ መሰለ። ያወጀው ግን በፊት ገጹ ሳይሆን በመስቀለኛ ቃላት አምዱ ነበር። የ39 አግድም ፍንጭ «የነገው ጋዜጣ ዋና ዜና» ይላል፤ መልሱ ከ43 አግድም ጋር ተያይዞ ሲነበብ «ክሊንተን ተመረጠ» የሚል ይወጣዋል። አንዳንዱ አንባቢ ስልክ አንስቶ፣ በምን ሥልጣናችሁ ነው ሕዝቡ ሳይወስን የምትወስኑት ሲል ተቆጣ። ሌላው ደግሞ ደውሎ፣ ቦብ ዶል ተመረጠ ብላችሁ ጉድ ሠራችሁ አለ። ሁለቱም ወገኖች ያነበቡት ያንኑ ፍንጭ፣ የሞሉትም ያንኑ ፍርግርግ ነው።

ነገሩን የሸረበው በኢንዲያናፖሊስ የበትለር ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ጄረማያ ፋረል ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ክሊንተን» እና «ቦብ ዶል» እኩል ሰባት ሰባት ፊደል አላቸው። ፋረል እነዚህን ሰባት ሳጥኖች የሚያቋርጡት ሰባት የቁልቁል ፍንጮች እያንዳንዳቸው በሁለት መልስ እንዲፈቱ አደረገ። «ጥቁር የሃሎዊን እንስሳ» ሲል «ካት» ብሎ ድመት የጻፈ ሰው የክሊንተንን መነሻ ፊደል ያገኛል፤ «ባት» ብሎ የሌሊት ወፍ የጻፈ የዶልን። ከስፌት ዕቃ መደብር የሚገዛው ነገር «ያርን»፣ ማለትም ክር፣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በመለኪያው ስም «ያርድ»። ሰባቱም እንዲህ ናቸው። የጋዜጣውን አምድ ከ1993 ጀምሮ የሚመራው ዊል ሾርትዝ ካተማቸው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንኑ ነው።

ጨዋታ ነው፣ ተስቆበት ሊታለፍ ይችላል። ፈላስፎች ግን ከዚህ ገጽ ላይ ዓይናቸውን ቶሎ ሊያነሡ አይገባም ነበር። የምናምናቸው ነገሮች እርስ በርስ ሰምና ፈትል ሆነው መግጠማቸው እውነት ለመሆናቸው በቂ ምስክር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ከሥነ ዕውቀት ክርክሮች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ነውና።

መስቀለኛ ቃላት ራሱ ግን እንዲህ ያለ ክብር ይዞ አልተወለደም። ሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን በዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ የመጀመሪያውን ሲያወጣ ለእሑድ ማሳለፊያ ገጽ መሙያ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ አገሩ ሁሉ እርሳስ ይዞ ሲቀመጥ ኒው ዮርክ ታይምስ ነገሩን የኃጢአት ያህል ብክነት አድርጎ በርእሰ አንቀጹ ዘለፈ። ያው ጋዜጣ በ1942፣ ፐርል ሃርበር በተደበደበ በሦስተኛው ወር፣ የራሱን ማተም ጀመረ። ንስሐውን ግን በርእሰ አንቀጽ አላወጀም።

ከጨዋታው ቁም ነገር ያወጣችው ሱዛን ሃክ ናት። እንግሊዝ ተወልዳ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው ይህች ፈላስፋ በ1993 ባሳተመችው «ማስረጃና ምርመራ» በተባለው መጽሐፏ ሁለት ጎራዎችን ለማስታረቅ ትሞክራለች። አንደኛው ጎራ፣ ዕውቀት ሌላ ማስረጃ በማያስፈልገው መሠረት ላይ የተካበ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ መሠረት የሚባል ነገር የለም፤ የምናውቀው ሁሉ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የቆመ ነው ይላል። ሃክ ሁለቱንም ወደ መስቀለኛ ቃላት ፍርግርግ ወሰደቻቸው። ፍንጩ በስሜት ሕዋሳታችን ከዓለም የምንቀበለው ነው፤ ቀድመው የተሞሉት ተቋራጭ ቃላት ደግሞ እስከ ዛሬ ያመንናቸው ነገሮች ናቸው። አንድ መልስ የሚጸድቀው በሁለቱም ነው፤ በአንዱ ብቻ አይበቃም።

በአማርኛ ሲሞከር ነገሩ ፍንትው ይላል። ፍንጩ «የኢትዮጵያ ከተማ፣ 4 ፊደል» ነው እንበል። ጎንደር ይሆናል፣ ድሬዳዋም፣ ነቀምትም፣ ላሊበላም። ፍንጩ ብቻውን ምንም አይወስንም። ሦስተኛውን ሳጥን የሚያቋርጠው ቁልቁል ቃል ግን «የዱር አራዊት ንጉሥ» ይላል፤ አንበሳ። በእርሱ ሦስተኛ ፊደል፣ በ«በ»፣ ሁለቱ ከተገናኙ ሦስቱ ከተሞች ወዲያው ይወድቃሉ፤ ላሊበላ ይቀራል። የግእዝ ፊደል ፍርዱን ያጠብቀዋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሳጥን አናባቢውንም ይዞ ይመጣልና። «በ» ባለበት «ባ» አይገባም። እንግሊዛዊ ፈቺ አንድ ተነባቢ ቢገጥምለት ይበቃዋል፤ አማርኛ ፈቺ ግን ተነባቢውም አናባቢውም አብረው እንዲመሰክሩለት ይፈልጋል። (ለአዘጋጁ ይህ ፈተና ነው። አማርኛ ጋዜጦች ላይ ጥቁር ሳጥኖች ቢበዙ ሊፈረድባቸው አይገባም።)

ሃክ እዚህ ላይ የምትጨምረው ማስጠንቀቂያ አለ። ላሊበላ የጸደቀው በአንበሳ ከሆነ አንበሳ ራሱ በምን ጸደቀ? ፈቺው አንበሳ ያለው ላሊበላን አስቀድሞ ስለ ጻፈና «በ» ስላስፈለገው ከሆነ፣ ሁለት ሰካራሞች ተደጋግፈው እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ ደጋፊው ቃል ከሚደግፈው ቃል ውጭ የራሱ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ከፍርግርጉም ምን ያህሉ እንደ ተሞላ ይታያል፤ ሦስት ቃል የገጠመለትና ሠላሳ ቃል የገጠመለት እኩል ልበ ሙሉ ሊሆኑ አይገባም።

ጥሩ ሚዛን ነው። የፋረል ፍርግርግ ግን ይህን ሚዛን ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ በክሊንተን፣ አንድ ጊዜ በዶል። ድመቱ የራሱ ፍንጭ አለው፣ የሌሊት ወፉም አለው። ፍርግርጉ እስከ መጨረሻው ሳጥን ሞልቷል። ከዚህ በላይ መግጠም የለም፤ ሆኖም ማታውን ድምፅ ሲቆጠር አንዱ ሐሰት ሆነ። ዶል ብለው የሞሉት ሰዎች በአፈታት አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት በዓለም ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው እዚህ ላይ ላይደነግጥ ይችላል። የአንድምታ መምህራን ለአንድ ንባብ ሁለትና ሦስት ፍቺ ሲደረድሩ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም፤ የመጻሕፍቱ ባለቤት በአንድ ቃል ብዙ ሊያስተላልፍ ይችላል ተብሎ ይታመናልና። ልዩነቱ ግን ከዚሁ ይጀምራል። አንድምታው የሚቆመው ከንባቡ በስተጀርባ ብዙ የሚያስብ ተናጋሪ አለ በሚለው እምነት ላይ ነው። ፋረልም ሁለቱን መልሶች አውቆ ነው ያስቀመጣቸው። አስቀማጭ በሌለበት የተገጣጠሙ ቃላት ሲገኙስ?

ለዚህ ከለንደን የተሻለ ምሳሌ የለም። በሜይ 1944 ዴይሊ ቴሌግራፍ የአንድ ወር ያህል መስቀለኛ ቃላቱ ውስጥ አምስት ቃላት ታተሙ፦ ሜይ 2 «ዩታ»፣ ሜይ 22 «ኦማሃ»፣ ሜይ 27 «ኦቨርሎርድ»፣ ሜይ 30 «መልቤሪ»፣ ጁን 1 «ኔፕቹን»። አምስቱም የተባበሩት ኃይሎች ጁን 6 ኖርማንዲን ለመውረር ያዘጋጁት ዘመቻ የምሥጢር ስሞች ነበሩ፤ የሁለት የባሕር ዳርቻዎች፣ የጠቅላላው ዘመቻ፣ የተንቀሳቃሽ ወደቦቹና የባሕር ኃይሉ ክፍል። የጸጥታ ሰዎች ወደ አዘጋጁ ቤት ሄዱ። ሊዮናርድ ዶው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር፤ ጥያቄውን ሁሉ ጠይቀው ምንም ሳያገኙበት ተዉት።

መርማሪዎቹ ሞኞች አልነበሩም። አምስት ቃል በአንድ ወር መግጠሙ ማንንም ያስደነግጣል። ዩታ ግን የአሜሪካ ግዛት ነው፣ መልቤሪ ዛፍ፣ ኔፕቹን የሮማውያን የባሕር አምላክ፤ ለመስቀለኛ ቃላት የተፈጠሩ የሚመስሉ ተራ ቃላት። መርማሪዎቹ በእጃቸው የያዙት መግጠሙን ብቻ ነበር፤ ከመግጠሙ ውጭ የሚመሰክር ነገር አልነበራቸውም። በ1984 አንድ የዶው የቀድሞ ተማሪ ብቅ ብሎ፣ ርእሰ መምህሩ ባዶ ፍርግርግ እየሰጠ ቃላት ያስሞላን ነበር፣ እኔም አካባቢው ከሰፈሩት ወታደሮች አፍ የሰማኋቸውን ጻፍኩ አለ። እውነት ከሆነ ምስጢሩ ሰላይም ተራ አጋጣሚም ሳይሆን ጆሮው ያልተደፈነ ልጅ ነው። የመርማሪዎቹ ደመ ነፍስ ግን ትክክል ነበር፦ የተገጣጠመ ነገር ሲያዩ ከኋላው ሰው ፈለጉ።

የእንግሊዝ መስቀለኛ ቃላት ይህን ሰው የጨዋታው ዋና አካል አድርጎታል። እዚያ ፍንጩ አንባቢን ለማሳሳት ነው የሚጻፈው። በአማርኛ ቢሠራ እንዲህ ይሆን ነበር፦ «ማለ፤ ወደ ኋላ ተመለሰና በለጸገ (2 ፊደል)»። አንባቢው መሐላውን አፍርሶ ሀብታም የሆነ ሰው ይታየዋል፤ ምናልባት የሚያውቀው ጎረቤት ፊት ይደቀንበታል። ፍንጩ የሚያዝዘው ግን ሌላ ነው፦ «ማለ»ን ወደ ኋላ አዙረው፤ «ለማ» ይሆናል፤ ለማ ማለት በለጸገ ነው። ቅኔ ለሚያውቅ ሰምና ወርቅ ነው ለማለት ይቀላል፤ በቅኔ ግን ሰሙም የራሱ ወግ አለው፣ እዚህ ከተፈታ በኋላ ይጣላል።

ታዲያ አሳሳቹን ፈቺው ለምን ያምነዋል? አፍሪት በሚል የብዕር ስም ይጽፉ የነበሩት ቄስ አሊስቴር ፈርግሰን ሪቺ በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕጉን ደነገጉት። አዘጋጁ የተናገረው ሁሉ የልቡ መሆን የለበትም፤ የልቡን ግን መናገር አለበት። ከላይ ያለው ፍንጭ ስለ መሐላ አፍራሹ የሚለው ሐሰት ነው፤ እያንዳንዱ ቃል የሚሰጠው ትእዛዝ ግን በሐቅ የቆመ ነው። ማሳሳት ይፈቀዳል፣ መዋሸት አይፈቀድም። (አፍሪት በዐረብ ተረት የጋኔን ስም ነው። ቄሱ ቀልድ ያውቁ ነበር።) የኦብዘርቨር ጋዜጣ አዘጋጆች ደግሞ ተከታትለው የስፔን ኢንኩዊዚሽን መርማሪዎችን ስም ወሰዱ፦ ቶርኬማዳ፣ ከዚያ ሂሜኔዝ፣ ከ1972 ጀምሮ አዜድ፤ ይህም ዴዛ የሚለው ስም ወደ ኋላ ሲነበብ ነው። አሠቃያለሁ ብሎ በስሙ የሚያስጠነቅቅ አዘጋጅ እንኳ መልሱ እንዳለ፣ አንድ እንደሆነና ሊደረስበት እንደሚችል ቃል ገብቷል። ፋረልን አስደናቂ ያደረገውም ይህን ቃል ኪዳን አንድ ማለዳ ማላቀቁ ነው።

አንስታይን በ1936 «ፊዚክስና እውነታ» በሚለው ጽሑፉ ስለዚሁ አንሥቷል። የፊዚክስ ሊቅ ነጻነት የልቦለድ ደራሲ ነጻነት አይደለም፣ በደንብ የተዘጋጀ የቃላት እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው ነጻነት ነው ይላል፤ የፈለገውን ቃል ሊሞክር ይችላል፣ በሁሉም በኩል የሚገጥመው ግን አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉትን ነገር ያክላል፦ ተፈጥሮ እንዲህ ያለ በደንብ የተዘጋጀ እንቆቅልሽ መሆኗ የእምነት ጉዳይ ነው። ሃክ ይህን ዐረፍተ ነገር በሚገባ ብትጠቀምበት መልካም ነበር። ሚዛኗ መልስ መኖሩን አስቀድሞ ይበደራል፤ ብድሩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። በአሐዱ አምላክ የሚያምን ሰው ለብድሩ ዋስ አለው፤ ሳጥኖቹን የሠራ፣ የልቡን የተናገረ አንድ ጌታ። አንስታይን እንዲህ ያለ በሰው ዕድል የሚገባ አምላክ አልተቀበለም፤ ስለዚህ ዋሱን ትቶ እምነቱን ብቻ ያዘ። ከሁለቱ የአማኙ አቋም ይበልጥ የተሟላ ይመስላል፤ ትክክል ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ሆኖ።

ቶማስ ኩን በ1962 «የሳይንሳዊ አብዮቶች አወቃቀር» ላይ ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘው። የዕለት ተዕለት ሳይንስ መስቀለኛ ቃላትን እንደ መፍታት ነው አለ፤ መልስ እንዳለ የተረጋገጠለት ሥራ ነው። እጅግ አንገብጋቢ የሆኑት ጉዳዮች ግን፣ የካንሰር ፈውስ ወይም ዘላቂ ሰላም፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት እንቆቅልሾች አይመደቡም፤ መልስ ላይኖራቸው ይችላልና።

በጃንዋሪ 2013 የጋርዲያን ፈቺዎች አንድ ልዩ ማስታወሻ ያለበት ፍርግርግ ገጠማቸው። አዘጋጁ አራውካርያ 18 ቁልቁል በ19 ላይ እንዳለበትና በ13 እና 15 እየታከመ እንደሆነ ይናገራል። ሰዎች እየፈቱ ሲሄዱ 18 ካንሰር ሆነ፣ 19 የጉሮሮ ቧንቧ፣ 13 እና 15 አብረው ማስታገሻ እንክብካቤ። አራውካርያ የአንግሊካን ቄስ ጆን ግራሃም ነበሩ፤ ትዳራቸው ከፈረሰ በኋላ የደብር ሥራቸውን አጥተው መስቀለኛ ቃላት መተዳደሪያቸው ሆኖ ነበር። ለጋርዲያን ከ1958 ጀምሮ ሠርተዋል። ዕድሜያቸው በዚያ ጊዜ 91 ነበር፤ ኖቬምበር ላይ ዐረፉ።

ኩን መልስ ላይኖረው ይችላል ያለው ነገር ራሱ፣ መልሱ በተረጋገጠ ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጦ መጣ። ፈቺዎቹ ያመኑት ፊደሎቹ ስለገጠሙ ብቻ አይደለም፤ የማንም ሌላ ሰው ሕመም ቢሆን ፊደሎቹ እንዲያው ይገጥሙ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሲያሳስታቸው ኖሮ አንድ ጊዜም ያልዋሸ ሰው ስለራሱ ሲናገር ነው የሰሙት፤ ብዙዎቹም ብዕር አንሥተው በደብዳቤ መለሱላቸው።