ጠያቂና ቀጠሮው

በቋንቋችን «ጠየቀ» የሚለው ግስ ሁለት ተግባር አለው። ያላወቀ ሰው ያወቀውን ይጠይቃል፤ ጤነኛውም የታመመውን፣ ነጻው የታሰረውን፣ የቆመው የወደቀውን ይጠይቃል። በመጀመሪያው መጠየቅ የሚፈለገው መልስ ነው፤ በሁለተኛው ግን ከሄደው ሰው የሚፈለገው መገኘቱ ብቻ ነው። ሐዘን ቤት ደርሶ፣ አንድ ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ ይህ ነው የሚባል ቃል ሳይናገር የተመለሰ ሰው «ጠይቋል» ይባላል። አለሁ ባይ ያጣውን ሰው ደግሞ «ጠያቂ የሌለው» እንለዋለን። ለብቸኝነት ከዚህ የከበደ ስም በአማርኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህን ማንሣቴ በምንኖርበት በአሜሪካ በሰፊው ስለተለመደ አንድ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለመነጋገር ነው። አንድ ዐዋቂ ሰው፣ ዘመዱ ካልሆነ ልጅ ጋር በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት ያሳልፋል። የቤት ሥራ ያያሉ፣ ኳስ ይራገጣሉ፣ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ዝም ብለው በእግር ይዞራሉ። እንግሊዝኛው ይህን ሰው «ሜንተር» ይለዋል፤ እኛ «መካሪ» ብለን እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ክብደቱን ያለ ቦታው ያሳርፈዋል፤ ምክርን አስቀድሞ መምጣትን ያስከትላልና። እኔ «ጠያቂ» ቢባል እመርጣለሁ። ስለዚህም የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ብዙ ሳይናገሩ፣ ብዙም ሳይሰጡ፣ በተባለው ቀንና ሰዓት ደጋግሞ መምጣት ብቻውን ምን የሞራል ዋጋ አለው?

በቁጥር ሲታይ ዋጋው ኢምንት ይመስላል። በሳምንት አንድ ሰዓት በዓመት 52 ሰዓት ነው፤ ሁለት ቀን ከአራት ሰዓት ማለት ነው። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት አለው። እናቱ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የምትሮጥበት፣ አባቱ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ቀን የሚተኛበት፣ ለወላጆቹ የመንግሥት ደብዳቤ እያነበበ የሚያስተረጉም የአሥር ዓመት ልጅ አለ እንበል። በእንዲህ ያለ ሕይወት ውስጥ 52 ሰዓት ምን ያነሣል ምን ይጥላል? ስሌቱ የሚያሳስተን ግን ጠያቂው የሚኖረው በመጣባት ሰዓት ብቻ ነው ብሎ ስለሚጀምር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣለት ሰው ያለው ልጅ ማክሰኞም ጠያቂ አለው። ማክሰኞ ትምህርት ቤት ያሾፉበትን «ቅዳሜ እነግረዋለሁ» ብሎ ያቆየዋል፤ ሐሙስ ያገኘውን ጥሩ ውጤት የሚያሳየው ሰው አለው። ይህ የሚሆነው ግን ቅዳሜ ርግጠኛ ስትሆን ብቻ ነው። አንዴ መጥቶ አንዴ የሚቀር ሰው የሚሰጠው ሰዓቱን ነው፤ ሳይቀር የሚመጣ ሰው ግን ሳምንቱን ይሰጣል።

ይህ አገልግሎት በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1904 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ የልጆች ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ኧርነስት ኩልተር በየቀኑ ከዳኛው ፊት የሚቀርቡትን ልጆች ብዛት አይቶ፣ አንድ ሰው አንድ ልጅ ይወዳጅ ሲል በከተማዋ የሚኖሩ ወንዶችን ለመነ። ዛሬ «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ» የሚባለው ድርጅት አንዱ ሥር ከዚያ ልመና የበቀለ ነው። በ1995 ከ10 እስከ 16 ዓመት በሆናቸው 959 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ጠያቂ የተመደበላቸው ልጆች ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ ሕገ ወጥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ፣ አልኮል የመጀመር ዕድላቸው በ27 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚያው ጥናት የተሰበሰበውን መረጃ እንደገና መርምረው በ2002 እንዳሳዩት፣ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ግንኙነታቸው ዓመትና ከዚያ በላይ በዘለቀ ልጆች ላይ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ልጆች ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትና በትምህርታቸው ላይ የነበራቸው መተማመን ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህን የመጨረሻ ነጥብ ቆም ብለን እናጢነው። ደግ ሥራ ግማሹ ቢሠራ ግማሽ ጥቅም ይሰጣል ብለን ማሰብ ልማዳችን ነው። ግማሽ እንጀራ ከባዶ ሌማት ይሻላል፤ ግማሽ ወዳጅነት ግን ለልጅ ከምንም አይሻልም። የተራበ ልጅ ግማሽ ሲሰጠው ግማሽ ይጠግባል፤ የተተወ ልጅ ግን በሦስተኛው ወር ሲቀሩበት ድሮም የጠረጠረውን ነገር አረጋግጠውለት ይሄዳሉ። ዐዋቂ ሰው ወዳጁ ሲቀርበት ምክንያት ይፈልጋል፤ ሥራ በዝቶበት ነው፣ መኪናው ተበላሽታ ነው ይላል። ልጅ ግን ምክንያቱን ራሱ ላይ ያገኘዋል፦ «እኔ ስለማልረባ ነው» ይላል።

እኛ «የሐበሻ ቀጠሮ» የምንለው ቀልድ አለን። ለሠርግ በስድስት ሰዓት ተጠርተን በስምንት ሰዓት ስንደርስ እንሥቅበታለን፤ ሁላችንም ስለምናረፍድ ማንም አይጎዳም። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ የሚኖረው ግን ሁለቱም ወገኖች እኩል ሲሆኑ ነው። በመስኮት ደጅ ደጁን የሚያይ ልጅ መኪና የለውም፣ ስልክ ደውሎ የመውቀስ ድፍረት የለውም፣ ሌላ ቦታ የመሄድ ምርጫም የለውም። ቀጠሮ ከእኩያ ጋር ሲሆን ስምምነት ነው፤ ከልጅ ጋር ሲሆን ግን አደራ ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ሲባል፣ ዕዳው እጅግ የሚከብደው አበዳሪው የመክሰሻ አቅም በሌለው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። «መጀመሪያ ስሄድ ልቤ ተነክቶ ነበር። አሁን ግን ስሜቱ ቀዝቅዟል፤ ድካም አለብኝ። ሳልወድ መሄድ ግብዝነት አይሆንብኝም ወይ?» ይህን ጥያቄ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ገብርኤል ማርሴል «መሆንና ባለቤትነት» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው፣ በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ አጥብቆ መርምሮታል። ምሳሌው ከእኛው መጠየቅ የተቀዳ ይመስላል፦ አንድ ሰው በሽተኛ ይጠይቃል፤ በርኅራኄ ተነሣሥቶም ተመልሼ እመጣለሁ ይላል። ቀኑ ሲደርስ ግን ያ ርኅራኄ የለም። ስሜቴ እንደማይለወጥ ቃል ልገባ አልችልም፤ ስሜቱ ሳይኖር መሄድ ደግሞ ውሸት ይመስላል። ማርሴል ከዚህ አጣብቂኝ የሚወጣው ታማኝነትን ከስሜት ወደ ሰው በማዛወር ነው። ቃል የገባሁት ለራሴ የዚያን ቀን ስሜት ሳይሆን እዚያ ለተኛው ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ ስሜቴ ቢበርድም አልጋው ላይ አለ።

የልጁ ነገር ከበሽተኛውም ይልቅ የጠራ ይመስለኛል። ግብዝ ማለት የሌለውን ስሜት ያለው አስመስሎ የሚያሳይ ነው። «ዛሬ ደክሞኛል፤ ግን ቅዳሜ ስለሆነ መጣሁ» የሚል ሰው ምን አስመሰለ? እንዲያውም ልጁ በዓመቱ ውስጥ ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም። ደስ ብሎት የሚመጣ ሰው የሚመጣው ለደስታው ሊሆን ይችላል፤ ደክሞት የመጣ ሰው ግን የመጣው ለልጁ እንደሆነ አያጠራጥርም። ልጆችም ይህን ስለሚያውቁ ይፈትናሉ። ያኮርፋሉ፣ አልናገርም ይላሉ፣ የተያዘውን ዕቅድ ያበላሻሉ። ያን ጊዜ የሚጠይቁት፣ በመጀመሪያው የቃሉ ትርጉም፣ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ደስ ባላሰኝህም ትመጣለህ?» ለዚህ ጥያቄ በአንደበት የሚሰጥ መልስ የለም። መልሱ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ሲንኳኳ ይሰማል።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕድራችን የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ዕድርተኛው ሐዘኑ ቢሰማውም ባይሰማውም ቀብር ይወጣል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ፍቅርን በስም መቆጣጠሪያና በመቀጫ የሚያስተዳድር ማኅበር ለውጭ ተመልካች ደረቅ ሊመስል ይችላል። አባቶቻችን ግን አንድ ነገር ተረድተው ነበር፦ ሐዘንተኛው ሰው የሚያስፈልገው እኛ ደስ ባለን ቀን ሳይሆን እርሱ ባዘነበት ቀን ነው። ስለዚህ መገኘትን ለስሜት አልተዉትም፤ ሥርዓት አበጁለት። በስደትም ይህን አልጣልንም። ለለቅሶ ሥራ አስፈቅደን፣ ሌሊቱን ነድተን፣ ሌላ ክፍለ ግዛት ድረስ እንሄዳለን። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ግን ደግሞ ራሳችንን እንድንጠይቅ ያስገድደናል፦ ለሞተ ሰው የማንቀር ሰዎች፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ በሕይወት ላለ ልጅ ለምን እንቀራለን? በአገራችን ይህን ልጅ የሚጠይቀው ጎረቤት ነበር፤ ማንም ሳይመድበው ይቆጣዋል፣ ያበላዋል፣ ወዴት ትሄዳለህ ይለዋል። እዚህ ግን በሩ ዝግ ነው፤ ያልታወቀ ሰው ልጅ ሲያናግር ቢታይ ያስጠረጥራል። የምዝገባው ቅጽ፣ ቃለ መጠይቁ፣ ያለፈ ታሪክ ማጣራቱ የጎረቤትነት ተቃራኒ ይመስላል እንጂ ጎረቤትነት በጠፋበት አገር ጎረቤት ለመሆን የቀረው ሕጋዊ መንገድ እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ መገኘትን ጣዖት እንዳናደርገው የሚያስጠነቅቅ ታሪክም አለ። በ1935 ሪቻርድ ክላርክ ካቦት የተባለ ሐኪም በማሳቹሴትስ፣ በካምብሪጅና በሶመርቪል ከተሞች ትልቅ ሙከራ አስጀመረ። አማካሪዎች በአማካይ ለአምስት ዓመት ያህል ልጆችን በየቤታቸው እየሄዱ ይረዱ ነበር። ጆአን ማኮርድ የተባለችው ተመራማሪ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የ506ቱን ወንዶች ሕይወት ተከታትላ በ1978 ያሳተመችው ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ። ከተረዱት ብዙዎቹ አገልግሎቱ እንደጠቀማቸው ቢመሰክሩም፣ በወንጀል፣ በመጠጥና በጤና ረገድ ካልተረዱት የተሻሉ አልነበሩም፤ በአንዳንዱም የባሱ ነበሩ። ምናልባት የውጭ ሰው እጅ መጠበቅን ለምደው፣ ምናልባትም በኋላ ሕይወት ያልሞላላቸውን ተስፋ ሰንቀው ይሆናል የሚሉ ግምቶችን አቅርባለች።

ከዚህ ተነሥቶ ያለማቋረጥ መምጣት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ብቻውን ይበቃል ማለትም እንደዚሁ። እኔ «መካሪ» ከሚለው ይልቅ «ጠያቂ» የሚለውን የመረጥሁበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። የታመመን የጠየቀ ሰው ሐኪም ነኝ አይልም፤ ቤቱን የራሱ አያደርግም፤ አስታማሚዋን እናት ከአልጋው ራስጌ አያስነሣም። አዳኝ ሆኖ የመጣ ሰው ለልጁ የወላጆቹን ጉድለት ያሳየዋል፤ ጠያቂ ሆኖ የመጣ ግን እናቲቱን ሰላም ብሎ፣ ስለ ልጇ እርሷን ጠይቆ ይገባል። በተለይ በእኛ ቤቶች፣ ልጄን ይነጥቁኝ ይሆን የሚል ስጋት ባለበት፣ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ለዚህ አገልግሎት ሊመዘገብ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ መመርመር ያለበት ልቡን ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውን ነው። ልብማ ሁልጊዜ እሺ ይላል። የሥራ ፈረቃው በየሳምንቱ የሚቀያየር፣ በመንፈቅ ውስጥ ከተማ ሊለቅ ያሰበ ሰው ገንዘብ ቢሰጥ፣ የልጆቹን የልደት በዓል ቢያዘጋጅ፣ መኪናውን ቢያውስ ደግ ሠርቷል፤ «በየቅዳሜው እመጣለሁ» ግን አይበል። ሊል የሚችል ሰው ደግሞ ትንሽ ይበል፤ በወር ሁለት ጊዜ ብሎ ሁለቱንም መምጣት፣ በየሳምንቱ ብሎ ሦስቱን ከመምጣት ይበልጣል። የሚቀርበት ቀን ቢኖር ቀድሞ ለልጁ ለራሱ ይንገረው፤ ለእናቱ ብቻ አይደለም።

መቼም ጠያቂነት ማብቂያ አለው፤ ልጅ ያድጋል፣ ሰው ይሸመግላል፣ ኑሮ ወደ ሌላ ከተማ ይወስዳል። ያን ጊዜ የመጨረሻው ግዴታ መሰናበት ነው። «ከአምስት ቅዳሜ በኋላ አልመጣም» ብሎ ተናግሮ፣ አምስቱንም መጥቶ፣ በአምስተኛው ተጨባብጦ መለየት ያሳዝናል እንጂ አይሰብርም። ለብዙ ልጆች፣ በተለይም በስደት መንገድ ላይ ለተለያዩ ቤተሰቦች ልጆች፣ ሰው ማለት ሳይሰናበት የሚጠፋ ፍጡር ነው። ቀኑን ጠብቆ የመጣ ቀኑን ጠብቆም ሲሄድ ያየ ልጅ፣ መለየት ሁሉ መተው እንዳልሆነ ያውቃል።