ቍስልን አይቶ ስለ መደንገጥና ስላለመደንገጥ

አንባቢ ሆይ፥ ማዝ የተባለውን የዓይን በሽታ ለማስተማር የተዘጋጁትን ፎቶግራፎች ምናልባት አይተህ ይሆናል። በአንደኛው ላይ የላይኛው የዓይን ቆብ ተገልብጦ፥ ውስጡ ቀልቶ፥ እንደ ፍሬ ያለ ነገር ወጥቶበት ይታያል። በሌላው ላይ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን ሲፍቅ ይታያል። ይህን ባየ ጊዜ አንዱ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ሌላው ግን ቀርቦ ይመለከታል። እንግዲህ ከሁለቱ ርኅሩኅ የሚባለው ማን ነው? የደነገጠው ነውን? ወይስ ያልደነገጠው?

ለዚህ ጥያቄ ፈጥነህ አትመልስ፤ አስቀድመህ የእያንዳንዱን ሙያ ጠይቅ። በገሳይ ከተማ በሬ አርዶ የሚበልት ሰው ደም አያስደነግጠውም፤ ነገር ግን የለመደው የከብትን ሥጋ እንጂ የሚያነባ የሰው ዓይን አይደለምና፥ በዚህ ሥዕል ፊት ሊሸማቀቅ ይችላል። በጉና ተራራ ሥር ገብስ የሚያርስ ገበሬ የበሬውን የጫንቃ ቍስል በእጁ ያጥባል። ከወረቀት ጋር የሚውል ጸሐፊ ወይም ተማሪ ግን ጥቂት መግል ቢያይ ምሳው ይዘጋበታል። ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል የኖረች እናት ሥዕሉን ብታይ አትጸየፍም፤ የራሷን ሕመም ታስታውሳለች እንጂ። ነርሲቱ ደግሞ ትቆጥራለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በወጣው መለያ፥ ስፋታቸው ከግማሽ ሚሊሜትር የማያንስ 5 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ፍሬዎች መኖራቸው የበሽታው ምልክት ነውና። ሥዕሉ አንድ ነው፤ የሚያየው ዓይን ግን በየሥራው የተማረ ነው።

ይህም ተመርምሮ የታወቀ ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በታተመ በታይዋን በተደረገ ምርመራ፥ በመርፌ ወግተው የሚያክሙ ሐኪሞችና ይህን ሥራ የማያውቁ ሰዎች፥ መርፌ በሰው ገላ ሲገባ የሚያሳይ ሥዕል ተመለከቱ። ሥራውን በማያውቁት ሰዎች አንጎል ውስጥ የራስ ሕመም የሚያነቃው ክፍል ነቃ። በሐኪሞቹ ግን ይህ አልታየም፤ ይልቁንም ስሜትን የሚገራውና የሌላውን ሰው ሐሳብ ለማስተዋል የሚረዳው ክፍል ሠራ። እንግዲህ የሐኪም ጸጥታ የልብ ሞት አይደለም። የታጠፈውን የዓይን ቆብ ቀዶ የሚመልስ እጅ ቢንቀጠቀጥ በሽተኛው ምን ይጠቀማል?

ነገር ግን ልማድ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው። የለመደ ሰው ፈተናው በሽታውን እያየ ሰውን መርሳት ነው፤ ሰልፍ ይዘው የቆሙት እናቶችና ሕፃናት ለእርሱ የዓይን ቍጥር ብቻ ይሆኑበታል። ያልለመደ ሰው ፈተናው ደግሞ የራሱን መጸየፍ እንደ እውነተኛ ፍርድ መቍጠር ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ በዝሆኔ በሽታ እግሩ ቢያብጥ፥ ይህ ከአፈሩ የመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ሆኖም ዓይኑ የተጸየፈ ጎረቤት ከማኅበሩ ቢያርቀው፥ በስሜቱ ፈረደበት እንጂ እውነቱን አልመረመረም።

በወንጌል የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ አስብ። የቈሰለውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ነበሩ። በኦሪት ሕግ ካህን ከሬሳ እንዲርቅ የታዘዘ ነበርና፥ ምናልባት እግራቸውን ያራቀው የሙያቸው ልማድ ይሆናል። ሳምራዊው ሐኪም እንደ ነበረ አልተነገረም፤ ቍስሉን ባየ ጊዜ መጸየፍ መጥቶበት እንደ ሆነም አልተጻፈም። የተጻፈው ማዘኑና ያደረገው ነው፤ ቀርቦ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን አሰረ። የመጀመሪያው ስሜት ከሥራህና ከአስተዳደግህ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የምታደርገው ግን የአንተ ነው፤ የምትጠየቅበትም እርሱ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ ሐኪም ወይም ነርስ ብትሆን፥ የበሽተኛውን የዓይን ቆብ ከመገልበጥህ በፊት ስሙን ጠይቅ፥ የምታደርገውንም ንገረው። ተማሪ ወይም ነጋዴ ወይም ጸሐፊ ብትሆን፥ ፊትህ ቢዞር አትፈር፤ ነገር ግን ዞሮ አይቅር፤ ሁለተኛ ጊዜ ተመልከት። ሥዕል አንተን አያይህም፤ በሽተኛው ግን ፊትህን ያነባል። የሰዎች ፊት ያሳፈረው በሽተኛ ከቤቱ ይሸሸጋል፥ ወደ ሐኪም ቤት መሄዱንም ይተዋል፤ በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችል የነበረው ሽፋሽፍትም ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን ይፍቀዋል። እንግዲህ ፊትህን መልስለት።