ቤት ለእንግዳ

የሳምንቱ ምንባብ፦ ዘፍጥረት 18፥1-8፤ ሉቃስ 24፥13-32፤ የሐዋርያት ሥራ 28፥1-10



አገር ቤት ሳለን መንገደኛ ሲመሽበት ምን ይል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥ የሚመጣው መልስም የታወቀ ነው፦ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ።» ከዚያ ውኃ ይሞቃል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። ይህ ሃይማኖት ነው ወይስ ባህል ብሎ የሚለያይ ሰው አልነበረም።

እዚህ ቡቲዬ ግን ስለ እንግዳ መቀበል ሲነሣ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። «እኛው እንግዳ ሆነን ማንን እናስተናግዳለን? ሸራው የእርዳታ፣ ዱቄቱ የራሽን፣ መሬቱ የሰው አገር» እንላለን። ውሸትም አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ ጥይት ሲተኮስ እጃችን ላይ ያገኘነውን ይዘን ተሻገርን፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብቻ የተሻገረው ሰው ከ8,000 በላይ ነበር። ድስት እንኳ ያልያዘ አለ። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰው ስለ እንግዳ መቀበል መስበክ ምን ማለት ነው?

አብርሃምን እንመልከት። በመምሬ ዛፎች አጠገብ፣ በቀትር ፀሐይ፣ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። ቀና ሲል ሦስት መንገደኞች ቆመዋል። ሽማግሌ ነው፣ ወደ 100 ዓመት ተጠግቷል፤ ግን ተነሥቶ ሮጠ። እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ፣ ከዛፍ ሥር ማረፊያ፣ ጥቂት እንጀራ አቀርባለሁ አለ። ሲያቀርብ ግን ጥቂት አልነበረም፤ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ተቦካ፣ ጥጃ ታረደ፣ እርጎና ወተት መጣ። (አብርሃም ሮጠ ይላል እንጂ ያቦካችው ሣራ ናት። ወንዶች፣ እንግዳ ጠርታችሁ ከሴቶቹ ጋር ጄሪካን ካልተሸከማችሁ አብርሃምን አትጥቀሱ።)

«እሱማ ከብት ነበረው» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ከብት ነበረው። መሬት ግን አልነበረውም። ሣራ በሞተች ጊዜ የሚቀብርባት አንዲት ጋት መሬት አጥቶ፣ በአገሩ ሰዎች ፊት ቆሞ እኔ በመካከላችሁ መጻተኛ ነኝ ብሎ ለመነ፤ በ400 ሰቅል ብርም ገዛ። ዘፍጥረት 23 ላይ አንብቡት። እንግዳ ተቀባይ ሲባል መጀመሪያ ስሙ የሚጠራው ሰው የሰው አገር ላይ፣ በድንኳን የኖረ ሰው ነው። ባለ ቤት ስላልሆነ እስኪሆን አልጠበቀም።

ከብትም የሌለው ቢሆንስ? የሰራፕታዋ መበለት አለች፤ አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ የቀራት። ይህን ታሪክ ግን ለልጆቹ ራት ያጣውን ሰው ለመውቀስ አላነሣውም። ኤልያስ ዱቄቱ እንደማያልቅ የተስፋ ቃል ይዞ ነው የጠየቃት፤ እኔ ያንን ቃል ይዤ አልመጣሁም። ልጅ እያለቀሰ ለእንግዳ የሚጋገር እንጀራ የለም። ውኃ ግን አለ። የሸራው ጥላ አለ። «ግባ፣ ተቀመጥ» የሚል ቃል አለ። ጎረቤት ሲጨመር ደግሞ ጀበናውን አንዱ፣ ቡናውን ሌላው፣ ከሰሉን ሦስተኛው ያመጣል፤ በፈንዲሻ ፈንታ የራሽኑ በቆሎ ንፍሮ ይሆናል።

ማን ነው ታዲያ ወደዚህ የሚመጣው መንገደኛ? ሁለት ዓይነት ሰው ይታየኛል።

አንደኛው በመኪና ይመጣል። ከናይሮቢ ወይም ከባሕር ማዶ ኑሯችንን ሊያይ የመጣ ነው። መኪናው ሳይቆም ልጆች ይከቡታል፤ እኛም ችግር ለመዘርዘር እንሰለፋለን። ችግርን መናገር ነውር የለበትም። ግን ያ ሰው የኛን እጦት ብቻ አይቶ ከሄደ ማንነታችንን አላየም። አስቀምጡት። ቡናው በፊቱ ይቆላ፣ ጢሱ ይድረሰው። አቦል ጠጥቶ ሊነሣ ሲል «በሞቴ፣ ቶናው አለ» በሉት፤ በረካም አለ። በአቦል ላይ ስንት ቤተሰብ እንደሆናችሁ ይጠይቃችኋል፤ በበረካ ላይ የእናታችሁን ስም ይጠይቃችኋል። እናንተም የእሱን እናት ስም ጠይቁት። ብቻ ለፎቶ ብላችሁ አታፍሉ። ካሜራ ሲነሣ የሚነጠፍ ቄጤማ፣ ካሜራ ሲሄድ የሚነሣ ከሆነ እንግዳውም ያውቀዋል።

የኤማሁስን መንገደኞች እዩ። ልባቸው ያዘነ፣ ተስፋቸው የተቀበረባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከኢየሩሳሌም የወጡት በሦስት ቀን ሐዘን ነው። አብሯቸው የሚሄደው ማን እንደሆነ አላወቁም። ሰፈራቸው ሲደርሱ እሱ አልፎ ሊሄድ መሰለ፤ እነሱ ግን መሽቷል ብለው ግድ አሉት። «በሞቴ» ማለት ይኸው አይደል? ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ እንግዳው እንጀራውን አንሥቶ ባረከ፣ ቆርሶም ሰጣቸው፤ ዓይናቸው የተከፈተው ያኔ ነው። ሐዘን ላይ ነን ብለው ቢያልፉት ኖሮ ማን እንደነበረ ሳያውቁ ይቀሩ ነበር።

ሁለተኛው መንገደኛ ሌሊት ይመጣል፣ በእግሩ ይመጣል፣ ማንም አይከበውም። ታውቁታላችሁ። ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ አካባቢ የመጣ ወጣት ነው፤ ሐሳቡ ደቡብ አፍሪካ ነው። እግሩ ቆስሏል፣ ስልኩ ተወስዷል። እሱን የሚጠብቀው ደላላ ነው። ይህን ልጅ ማሳደር ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ሕግ አለ፣ ፖሊስ አለ። ሰው ዘሩን ሊጠይቀው ይፈልጋል።

በመሳፍንት 19 ላይ ስለ እንዲህ ያለ ሌሊት ተጽፏል። አንድ መንገደኛ ከሚስቱና ከአገልጋዩ ጋር ጊብዓ ደርሶ አደባባይ ላይ ተቀመጠ። የከተማው ሰው ሁሉ አይቶ አለፈው። ያስገባው ከእርሻ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ ነው፤ እሱም የኤፍሬም ሰው እንጂ የዚያ ከተማ ተወላጅ አልነበረም፣ በእንግድነት ነበር የሚኖረው። የመንገድን ምሽት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አይቆምም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም ለመናገር ይከብዳል፤ ክፉ ሰዎች ቤቱን በከበቡ ጊዜ ወንዱን እንግዳ ለማዳን ሴቲቱ ወደ ውጭ ተሰጠች። መጽሐፉ ይህን የጻፈው እንድንኮርጀው አይደለም። በሴት ልጅ ደኅንነት የሚከፈል መስተንግዶ መስተንግዶ አይደለም።

ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። ወንድ እንግዳ ከወንዶች ጋር ይደር፤ ልጃገረዶች ባሉበት ሸራ አይደር። ብቻዋን የመጣች ሴት ከእናቶች ጋር ትደር። በዚያው ምሽት ለብሎካችሁ ተጠሪ ንገሩ፤ ጠዋት ደግሞ የስደተኛ ጉዳይ ወደሚያዩት ሰዎች አብራችሁት ሂዱ። ተደብቆ ያደረ እንግዳ ለእናንተም ለራሱም አደጋ ነው። አብልታችሁ ስታበቁ ስለ መንገዱ እውነቱን ንገሩት፣ አታስጌጡለት። እ.ኤ.አ. በ2012 ታንዛኒያ ውስጥ ዶዶማ አካባቢ በጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ ከ40 በላይ መንገደኞች ተገኙ፤ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ። ወስኖ ቢሄድ እንኳ ይህን ሰምቶ ይሂድ።

ደላላው በማግስቱ መጥቶ «ልጁ የት አለ? ይኸው ላንተም ትንሽ ነገር» ቢላችሁስ? እዚህ ላይ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እማኝ ልጥራ። በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም መጡ። አሳዳጆቻቸውም ስጦታ አስይዘው ወደ ንጉሡ ሰው ላኩ፣ መልሰህ ስጠን አሉ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ስደተኞቹን ጠርቶ ቃላቸውን ሰማ፤ አሳልፎ አልሰጣቸውም፣ ስጦታውንም መለሰ። ይህን ታሪክ የቡቲዬ ሽማግሌዎች ከኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ሐበሻ ሲሉ የሚያነሡት ይህን ነው። እንግዳን በሺህ ሽልንግ የሚሸጥ ሰው ከዚህ ስም ጋር ምን ዝምድና አለው?

አሁን ደግሞ እኛን ስለተቀበሉን ሰዎች። ጳውሎስ ከመርከብ አደጋ ተርፎ መላጥያ ሲወጣ አብረውት የነበሩት 276 ነፍሳት ናቸው። ዝናብ ነበረ፣ ብርድም ነበረ። ቋንቋቸውን የማያውቁ የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሉ። እኛም ስንሻገር ያነደደልን ሰው ነበረ፤ ትኩስ ቻይ በወተት የሰጠችን እናት ነበረች። ቦረናዎች አንዱ ለሌላው ሰላምታ ሲሰጥ ስለ ሰላም ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፤ ችኮላ የለም። ቡናቸውንም ያየ ያውቃል፦ ቡና ቀላ ይሉታል፣ የታረደ ቡና እንደማለት። ፍሬው ከነገለፈቱ ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፣ እየተመረቀ ከወተት ጋር ይቀርባል። የኛ ይወቀጣል፣ የእነሱ ይጠበሳል፤ ቡናው ያው ከአንድ አገር የወጣ ነው።

መላጥያ ላይ የሆነውን ደግሞ ልብ በሉ። የደሴቲቱ አለቃ እነ ጳውሎስን ሦስት ቀን አስተናገደ። አባቱ በንዳድ ታሞ ተኝቶ ነበርና ጳውሎስ ገብቶ ጸለየለት፣ እጁንም ጭኖ ፈወሰው። ባዶ እጁን ከባሕር የወጣ፣ ያውም እስረኛ፣ ለአስተናጋጁ ቤት የሚሰጠው ነገር ነበረው። እኛ ግን ከመጋቢት ጀምሮ የሰውን ቻይ ጠጥተናል፤ ከቡቲዬ ሰዎች ስንቱን ወደ ሸራችን ጠርተናል? የታመመ ሽማግሌ ካላቸው ማን ሄዶ ጠየቀ?

ከእናቶች ጋር ተነጋግረን በሚመጣው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከውኃ መቅጃው በላይ ያሉትን ጎረቤቶቻችንን ለቡና ጠርተናል። አንዲት እናት ቡና ቀላውን እኔ አመጣለሁ ብለውናል፤ የኛን ሦስቱንም ዙር እናፈላለን። ሙስሊሞች ስለሆኑ ሌላ ምግብ የምታመጡ ሥጋ አታምጡ፤ ዳቦና ንፍሮ ይበቃል። ሲኒው ሁላችንን ስለማያዳርስ ብርጭቆም ጣሳም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ወጣቶች ቅዳሜ ማታ ውኃ ቀድታችሁ አሳድሩ። በዚያን ቀን መንገደኛ ካደረባችሁ እሱንም ይዛችሁት ኑ።