ትርፍ ጨርቅ

አንዲት ሴት ነበረች፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር። ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ኬሞውን ጨርሳለች፤ ጨረሩንም እዚያው ክፍለ ከተማዋ ውስጥ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋ ጠብቃ፣ ተመላልሳ ወስዳለች። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው እሱ ብቻ ስለነበር ወረፋው ምን እንደሚመስል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱን አልፋ ተረፈች። ስትተርፍ ቤቷ በምክር ተሞላ።

ታላቅ እህቷ «ከሆድሽ ወስደው መልሰው ይሠሩልሻል፤ ውጭ አገር ሁሉም ያሠራል። ገንዘቡን እናዋጣለን» አለቻት። አማቷ «እግዜር ያተረፈውን ገላ ደግሞ ለቢላ? ተይው ልጄ» አሉ። ባሏ «ለእኔ ብለሽ እንዳታደርጊው» አላት። ደግ ሰው ነው፤ ግን ይህን ሲል ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ፤ እሷም ልቡ የቱን እንደሚመርጥ ስታሰላ አደረች። ሁሉም ወደዋት ነው የተናገሩት። የጠየቃት ግን የለም።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ሰፈርተኛው ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅል የምትለብሰው ቀሚስ ፈለገች። የድሮው በአንድ በኩል ይንጠለጠልባታል። አዲስ ፈትል ገዝታ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደች።

ሰፊዋ መጋረጃውን ጋርዳ ሜትሯን ዘረጋች። ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። ደረት ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ ትንፋሿን ዋጠች። ሰፊዋ እጇን አልሰበሰበችም። ቀኙን ለካች፤ ግራውንም ሳትቸኩል ለካች፤ ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። «ክንድሽን አንሺ» ብትላት ግራው ከትከሻ በላይ አልሄድ አለ። እሱንም ጻፈች። ከዚያ «እንዴት ላድርገው?» አለቻት።

«አይ እህቴ፣ እኔም አላውቅም። አሠራው ይሆናል፤ ይቀርም ይሆናል።»

«ስለ ቀሚሱ ነው የጠየቅኩሽ። ለግንቦት አንድ።»

ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አለችና «ለግንቦት አንድማ እንዳለሁ ይሁን። ጥጥም አልጨምርበት» አለች።

ሰፊዋ ክንድ ሳይነሳ እንዲለበስ ፊት ለፊቱን በቁልፍ አደረገችው። ግራውን ጎን አጠበበች። መቀሱን አንስታ ትርፉ ጨርቅ ላይ አደረሰችና መልሳ አስቀመጠችው። ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ በእጅ መርፌ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ያዘችው።

«ለምን አትቆርጪውም?»

«ከቆረጥኩት የዛሬ ዓመት ብትመጪ ምኑን እለቅልሻለሁ? ካልመጣሽም ውስጥ ነው፤ አይከብድሽም።»

በበዓሉ ለብሳው ወጣች። «ወሰንሽ ማለት ነው?» አለቻት እህቷ። «ለዛሬ» ብላ ንፍሮዋን ዘገነች።

ሐኪሟ ዘንድ ስትሄድ ጥያቄዋ ተለውጦ ነበር። «ላሠራ ወይስ ይቅር?» ማለቱን ትታ «ብቆይ የሚያመልጠኝ ነገር አለ?» አለችው። የለም አላት፤ ጡት ከዓመታት በኋላም መልሶ ይሠራል፤ እንዲያውም ጨረር ያገኘው ቆዳ እስኪያገግም ወራት መጠበቅ ግድ ነው። «ሲሊኮንስ?» ጨረር ያጠነከረው ቆዳ ሥር ሲገባ ችግር ያበዛል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከሆድ ወይም ከጀርባ የራስ ገላ ይወሰዳል። እዚያም ሌላ ጠባሳ ይቀራል፤ ለሳምንታትም ከባድ ዕቃ አይነሳም። «ስሜቱስ?» ቅርጹ ነው የሚመለሰው፤ ስሜቱ እንደ ድሮው አይሆንም። ማሠራቱ ካንሰሩን አይመልሰውም፤ አለማሠራቷም አይጎዳትም።

ነገሩ ሲመዘን እህትየዋ ገንዘብ አዋጣለሁ ማለቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ውጭ አገር ሁሉም ያሠራል ያለችው ግን ልክ አይደለም፤ እዚያም ሳያሠሩ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። አማትየዋ ቢላውን መፍራታቸው ከንቱ አይደለም፤ ከሆድ የሚወሰደው ረጅም ቀዶ ሕክምና ነው። ግን የሚተኛው የእሳቸው ገላ አይደለም። ባልየው ያን ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ «አንቺስ?» ብሏት ቢሆን ኖሮ፣ ሚስቱ የሚጠይቃት ሰው ለማግኘት ልብስ ሰፊ ዘንድ እስክትሄድ ባልጠበቀች ነበር።