ከማን ጋር ተወዳድሮ?

አንድ ተማሪ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ ሲባል «ከማን ጋር ተወዳድሮ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውጤቱን ለማጣጣል ነው፤ ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ አንደኛ መውጣት ምን ይደንቃል ለማለት። እኔ ግን ጥያቄው በቅንነት ከተጠየቀ ለተማሪው ይመሰክራል እላለሁ። ሰው መመዘን ያለበት የእሱን ያህል ዕድል ካገኙት፣ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ከአንድ መምህር ከተማሩት ጋር ነው። ይህ ሐሳብ በአሜሪካዋ የቴክሳስ ግዛት ሕግ ሆኖ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ስለሠራ፣ ስለ ፍትሕ በደፈናው ከመከራከር ፍሬውን እያየን መነጋገር እንችላለን።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሆፕውድ በተባለው ክስ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ምክንያት የቴክሳስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ የአመልካቹን ዘር ማየት ተከለከሉ። በሚቀጥለው ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ኢርማ ራንጌል የታገሉለት ሕግ ጸደቀ፤ የያኔው አገረ ገዥ ጆርጅ ደብሊው ቡሽም ፈረሙበት። በሕጉ መሠረት በትምህርት ቤቱ ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ የገባ ተማሪ፣ የመግቢያ ፈተና ነጥቡ ምንም ይሁን ምን፣ በመረጠው የግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ እንዲያገኝ ተደነገገ። ከዚያ በፊት በኦስቲን ከተማ የሚገኘው ስመ ጥሩ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከ1,000 በላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ግዛት አብዛኛውን ወንበር የሚሞላው ከጥቂቶቹ፣ በተለይም የተሻለ ኑሮ ካላቸው ሰፈሮች ነበር። ሕጉን የደገፉት የጥቁሮችና የሂስፓኒኮች ተወካዮች ብቻ አልነበሩም፤ ልጆቻቸው ኦስቲንን በስም ብቻ የሚያውቁ የገጠር ነጮች ተወካዮችም አብረው ቆመዋል። ይህ ኅብረት የሕጉን መሠረት ያሳያል። ጎበዝ ልጅ በየትም ሰፈር፣ በየትም ቀዬ ይወለዳል የሚል እምነት ነው። ሰው ሁሉ በፈጣሪው አርአያ ተፈጥሯል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን እምነት ለመቀበል ብዙ መንገድ መሄድ የለበትም።

ተቃውሞው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አርስቶትል ጥሩው ዋሽንት ለጥሩ ነፊ ይገባል ይላል፤ በዚህ ሚዛን የዩኒቨርሲቲ ወንበርም ከፍተኛ ነጥብ ላመጣው ይገባዋል። ችግሩ ነጥቡ ነፊውን ብቻ የማይለካ መሆኑ ነው፤ የወላጁን ኪስ፣ የአስጠኚውን ሰዓት፣ የቤተ ሙከራውን ዕቃ ጭምር ይለካል። ካልኩለስ በማይሰጥበት ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ የቀረበላትን የመጨረሻ የሒሳብ ትምህርት ወስዳ ኤ ብታመጣም ትራንስክሪፕቷ ላይ ካልኩለስ የሚል መስመር አይኖርም። ያ ባዶ ቦታ ስለ መምህር እጥረት እንጂ ስለ ልጅቷ ምንም አይናገርም፤ ደረጃዋ ግን ስለ እሷ ይናገራል። በወንጌል ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ከሀብታሞቹ አብልጣ ሰጠች የተባለው ምን እንደነበራት ታይቶ ነው። በእኛ አገር በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ሁሉ ግቢዎች አንድ ባለ ተሰጥኦ አልነበረም ብሎ ለመደምደም የሚደፍር ያለ አይመስለኝም።

ምጽዋት ሌላ፣ ምህንድስና ሌላ፤ ያልተዘጋጀን ልጅ ከባድ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት እሱኑ መጉዳት ነው የሚል መልስ ይመጣል። ይህ በማስረጃ የሚፈታ ጥያቄ ነው። ሳንድራ ብላክ፣ ጄፍሪ ዴኒንግና ጄሲ ሮትስታይን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የቴክሳስን ተማሪዎች ተከታትለው ነበር። ቀድሞ ጥቂት ተማሪ ብቻ ይልኩ ከነበሩ ትምህርት ቤቶች በሕጉ የገቡት ልጆች የመመረቅ ዕድላቸው ጨምሯል። በእነሱ ምክንያት ቦታ ያጡት የጠንካራ ትምህርት ቤቶች ልጆች ደግሞ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በምረቃም በገቢም ጉልህ ጉዳት አልታየባቸውም። ቦታው ለአንዱ ሕይወት የሚለውጥ፣ ለሌላው ግን ምትክ ያለው ከሆነ፣ ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ ቀልሎልናል።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። ሕጉ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎችን ኦስቲን የሚያደርሰው ሰፈሮችና ትምህርት ቤቶች በዘር ተለያይተው ስለቆዩ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሩት ባደር ጊንስበርግ፣ የኦስቲኑን ዩኒቨርሲቲ የቅበላ አሠራር በተቃወመው የፊሸር ክስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሰፈሩት የልዩነት ሐሳብ ይህንኑ በግልጽ አንስተዋል። እውነት ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ነገ ቢቀላቀሉ ሕጉ ይህን ውጤት አያመጣም። ነገር ግን መለያየቱን የፈጠረው ሕጉ አይደለም፤ ለዘመናት የኖረው የቤት ሽያጭና የትምህርት በጀት አሠራር ነው። በደሉ እስኪነቀል ድረስ በውስጡ ያሉት ልጆች ይጠብቁ ማለት ደግሞ ዕዳውን በተበዳዩ ማስከፈል ነው። ይልቅ የሕጉ እውነተኛ ጉድለት በር ከፍቶ ክፍያውን አለመሸፈኑ ነው። የኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከድሃ ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ ልጆች ልዩ ስኮላርሺፕ ማዘጋጀት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ደረጃ ራሱ ንጹሕ ሚዛን እንዳልሆነም አልክድም። 400 ተመራቂ ባለበት ትምህርት ቤት፣ ኦስቲን በኋላ መስመር ያደረገው 6 በመቶ ማለት 24 ልጅ ነው፤ 25ኛዋን ከ24ኛዋ የሚለያት የጂፒኤ ሽርፍራፊ ሊሆን ይችላል። ተጨማሪ ነጥብ የሚያሰጡት ኤፒ የተባሉት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶች ስለሆኑ ሥዕል የምትወድ ልጅ የሥዕሉን ክፍል ትተዋለች። ደረጃ ፍለጋ ልጃቸውን ወደ ቀለል ያለ ትምህርት ቤት የሚያዛውሩ ወላጆችም አሉ፤ ግን የሀብታም ልጅ ተመልሶ የተረሳ ትምህርት ቤት ሲገባ የወላጆቹ ድምፅና ትኩረት አብሮት ስለሚገባ ይህን እንደ ጥፋት ብቻ ማየት አልችልም። የ25ኛዋ ልጅ ቅሬታ ግን መልስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ የኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ ለቴክሳስ ልጆች ከሚሰጠው ቦታ በደረጃ የሚሞላው በ75 በመቶ ተወስኗል፤ አመልካቹ ሲበዛ መስመሩ ወደ 7፣ ወደ 6፣ ለ2026 ገቢዎች ደግሞ ወደ 5 በመቶ ጠቧል። መስመሩ የጠበበው የግዛቲቱ ሕዝብ በፍጥነት ሲያድግ ወንበሩ አብሮ ስላላደገ ነው። የከተማ ዳርና የገጠር ወላጆች ስለ አንድ ወንበር እርስ በርስ ከሚካሰሱ፣ ኦስቲንን የሚስተካከል ሁለተኛና ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲ እንዲገነባ ምክር ቤታቸውን አብረው ቢጠይቁ ይሻላል። በ1997 የጥቁሮች፣ የሂስፓኒኮችና የገጠር ነጮች ተወካዮችም አብረው ድምፅ ሰጥተው ነበር።