ከተገደለ ቫይረስ የሚተርፈው ምንድን ነው?

ሶፊ ወረዳ ውስጥ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደህና አድርጎ አጥቦ ሐረር ሲደርስ የሚወጋው ክትባት የተገደለ ቫይረስ ነው። ሰውነቱ ሕያው ጠላትን መመከት የሚማረው ከዚህ ሙት ነው። ታዲያ አንድ ነገር ሕይወቱ ከወጣ በኋላም ያው ራሱ የሚያሰኘው ምኑ ነው? ለቫይረስ መልሱ በአገዳደሉ ይወሰናል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም የክትባት ሠሪ የኅሊና ዕዳ ቫይረሱ መሞቱን በማረጋገጥ ብቻ አይከፈልም።

ፀረ እንግዳ አካላት የቫይረሱን ቅርጽ ይለያሉ። የመከላከያ ህዋሳት የሆኑት ቲ ሴሎች ግን ሙሉ ቫይረስ አያዩም፤ ሌሎች ህዋሳት ፕሮቲኑን ውጠውና ቆራርጠው ከ8 እስከ 25 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሉትን ቁራጭ በገጻቸው ላይ ሲያወጡላቸው ነው የሚያውቁት። ቫይረስ የሚገደልበት ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስር አቆራረጡ ሊዛባ፣ የሚወጣውም ቁራጭ ከሕያው ቫይረስ ቁራጭ ሊለይ ይችላል። ሌላው መግደያ ቤታ ፕሮፒዮላክቶን ደግሞ ፕሮቲኑን ሙሉ በሙሉ ባይምርም በዋናነት የቫይረሱን ዘረመል ይመታል። ልዩነቱ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በፎርማሊን የተገደለ የአርኤስቪ (የመተንፈሻ አካል ቫይረስ) ክትባት የወሰዱ ሕፃናት በኋላ ሕያው ቫይረሱ ሲይዛቸው ካልተከተቡት ይልቅ ክፉኛ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። ቫይረሱ በሚገባ ተገድሎ ነበር፤ ሰውነታቸው የተማረው ግን የማይጠቅም ነገር ነበር።

የአገራችን ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩትና ወራሹ ተቋም ለአሥርተ ዓመታት ፌርሚ የተባለውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አምርተዋል። ቫይረሱ በበግ አንጎል ውስጥ ይራባ፣ አንጎሉም ተፈጭቶ በፌኖል ይታከም ነበር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የማይድን በሽታ ነውና ይህ ሥራ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ውለታው ሊዘነጋ አይገባም። ይሁን እንጂ ፌኖል የነርቭ ሽፋን የሆነውን ሚየሊን አያጠፋውም። ቲ ሴል ደግሞ የሚታዘዘው ለቀረበለት ቁራጭ እንጂ ለሠሪው በጎ ሐሳብ አይደለም። የበግና የሰው ሚየሊን ስለሚመሳሰሉ በአንዳንድ ተከታቢዎች ላይ መከላከያው በራሳቸው ነርቭ ላይ ዘምቶ ሽባ እስከማድረግ ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከነርቭ የሚሠሩ ክትባቶች ይቁሙ ማለቱ ተገቢ ነበር።

ከሁሉ በፊት ቫይረሱ በእርግጥ ይሙት የሚሉ ሰዎች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ በ1955 (እ.ኤ.አ.) የከተር ፋብሪካ ፎርማሊን ሙሉ በሙሉ ያልገደለው ቫይረስ ያለበትን የፖሊዮ ክትባት አሰራጭቶ ሕፃናት ሽባ ሆነዋል፣ ሰዎችም ሞተዋል። እኔም ግማሽ ሞት ይብቃ አልልም፤ የምለው ሞቱ ሙሉ ሆኖ የቫይረሱን መታወቂያ የማያጠፋው መንገድ ይመረጥ ነው። ሌላው ተቃውሞ ከእብድ ውሻ በሽታ የሚያድነው ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ቲ ሴል አይደለም የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ህዋሳት ያለ ረዳት ቲ ሴሎች አይጎለብቱም። እነዚህ ረዳቶች ደግሞ የሚነቁት በቫይረሱ ገጽ ላይ ባለው ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ተሸሽጎ ዘረመሉን በሚጠቀልለውም ጭምር ነው።