ሰምና ወርቅ ውሸት ነውን?

ሰምና ወርቅ የሚለው የቅኔ ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ጌጡን በሰም ይቀርጽና በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀውም ቦታ ወርቁ ይፈስበታል። ለመሆኑ፣ እንደ ሰሙ ቀልጦ እንዲጠፋ ታስቦ የተነገረ ቃል ውሸት ይባላልን?

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስያሜ ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ አሻሚው አነጋገር ግልጽነትን ከሚሻው ዘመናዊ ኑሮ ጋር እንደሚጋጭ አመልክተዋል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ስያሜዎቹ ካልተለዩ ፍርዱ ይዛባል።

«አልጋው ተናጋ» ቢባል አናጢ መዶሻውን ያነሣል፤ ባለሟል ግን ስለ ዙፋኑ ይሠጋል። እዚህ ላይ «አልጋ» ኅብር ነው፤ ሁለቱንም ፍች በገሃድ ተሸክሟል። ተናጋሪው ቢጠየቅ ቃሉ ራሱ ይመሰክርበታል። ውሸታም ምስጢሩ እንዳይገኝ ይደክማል፤ ባለቅኔ ግን እንዲገኝለት ይሻል።

ውስጠ ወይራ ከዚህ ይለያል። በእርሱ ዘንድ መንታ ፍች ያለው ቃል የለም፤ ምስጢሩ የሚወጣው ከነገሩ አጋጣሚና ከሰሚው ግምት ነው። ስለዚህ ተናጋሪው «እኔ መቼ አልኩ?» ለማለት ይችላል፤ ዕዳው ወደ ሰሚው ይዞራል። ደካማው ከግፈኛ ለማምለጥ ይህን ቢጠቀም አልነቅፈውም። አለቃ የበታቹን በውስጠ ወይራ አዝዞ፣ ጥፋት ሲደርስ «የተረጎመው እርሱ ነው» ቢል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የበታቹ ወርቁን አፍስሶ ይሆናል፤ ሰሙን የቀረጸው ግን አለቃው ነው።